የተሰወረው እጅ
በአንድ የፕላስቲክ የእሽቅድምድም መኪና ሞዴል ላይ የቀረበ ሂስ

የኪነ ጥበብ ሂስ እስካሁን በአብዛኛው ፊቱን ያዞረው ወደ መጽሐፉ፣ ወደ መድረኩና ወደ ሸራው ነው። በፋብሪካ በብዛት ተመርተው በልጆችና በጎልማሶች እጅ የሚገቡ ዕቃዎች ግን የሰውን ዓይንና ጣት የመግራት ኃይላቸው ከብዙ የሥዕል ትርዒቶች የማያንስ ሆኖ ሳለ፣ «መጫወቻ ናቸው» በሚል አንድ ቃል ከሂስ ሚዛን ውጭ ይቀራሉ። ይህ አያያዝ ትክክል አይደለም። የሰው እጅ ያበጀው፣ አንድን እውነተኛ ነገር የሚመስልና ስለዚያ ነገር አንድ እምነት እንዲያዝ የሚጋብዝ ሥራ ሁሉ ይዘትም ቅርጽም አለው። ይዘትና ቅርጽ ያለው ሥራ ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ የሚመች አንድ ናሙና አለ። ኤርፊክስ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለገበያ ያቀረበው፣ የ1930ውን ባለ 4½ ሊትር ቤንትሌይ የእሽቅድምድም መኪና አንድ አሥራ ሁለተኛ አድርጎ የሚያሳየው የፕላስቲክ ሞዴል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በእውነተኛዋ መኪና ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት ያለው ርቀት 3.3 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሞዴሉ 27.5 ሳንቲሜትር ይሆናል። ገዢው ግን መኪና አይገዛም፤ የመኪና ቁርጥራጮችን ነው የሚገዛው። ሣጥኑ ሲከፈት ቁርጥራጮቹ በፕላስቲክ ዘንጎች ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይገኛሉ። አብሮ ያለው መመሪያ የትኛው ቁጥር ከየትኛው ቁጥር ጋር እንደሚጣበቅ ይናገራል። ቢላዋው፣ ማጣበቂያው፣ ቀለሙና ትዕግሥቱ ከገጣሚው የሚጠበቁ ናቸው።

ሞዴሉን ለመመዘን አስቀድሞ የሚመስለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ዋልተር ኦወን ቤንትሌይ ኩባንያውን በ1919 አቋቁሞ፣ ለንደን ውስጥ ክሪክልዉድ በሚባለው ሠፈር መኪናዎቹን ያሠራ ነበር። ፈረንሳይ አገር በሌ ማን ከተማ በሚካሄደው የሃያ አራት ሰዓት እሽቅድምድም የኩባንያው መኪናዎች በ1924፣ ከዚያም ከ1927 እስከ 1930 በተከታታይ፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ አሸንፈዋል። ሆኖም በድሉ ዘመን ውስጥ አንድ ብርቱ ቅራኔ ተፈጠረ። ጥያቄው ከሞተር ተጨማሪ ጉልበት የሚገኘው በምን መንገድ ነው የሚል ነበር።

ቤንትሌይ የያዘው አቋም ግልጽ ነበር። ጉልበት ከተፈለገ ሞተሩ ይተልቅ አለ፤ በዚሁም መሠረት ባለ 6½ ሊትሩ ስፒድ ሲክስ ተሠራ። ሄንሪ በርኪን፣ በቅጽል ስሙ ቲም የተባለው ነጂ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። ባለ 4½ ሊትሩ ሞተር እንዳለ ይቆይ፤ ነገር ግን ቀጥቃጩ ከሰሉን በወናፍ እንደሚያጋግል ሁሉ፣ አየርና ቤንዚን በኃይል ይነፋለት አለ። አምኸርስት ቪሊየርስ የተባለው መሐንዲስ ይህን የሞተር ወናፍ ነደፈው። በርኪን መኪናዎቹን ዌልዊን ጋርደን ሲቲ በሚባል ከተማ በራሱ ጋራዥ ያሠራ ሲሆን፣ ገንዘቡን ያፈሰሰችው ዶሮቲ ፓጄት የምትባል የከፍተኛ ሀብት ወራሽ ነበረች። ወናፉ ተራውን ሞተር ከ110 የፈረስ ጉልበት ወደ 175፣ ለእሽቅድምድም የተዘጋጀውን ደግሞ ወደ 240 ገደማ ከፍ አደረገው። በሌ ማን ለመወዳደር 50 መኪናዎች ለሽያጭ መሠራት ነበረባቸውና፣ ቤንትሌይ ባይወደውም የኩባንያው ሊቀ መንበር ዉልፍ ባርናቶ ፈቀደ፤ ሃምሳውም ተሠሩ።

በ1930 ሰኔ ወር በሌ ማን የሆነው ነገር ከዚህ ቅራኔ የፈለቀ ተውኔት ነው ማለት ይቻላል። ሩዶልፍ ካራቺዮላ የሚነዳው ነጩ የጀርመን መርሴዲስ ሲመራ፣ በርኪን ሁለት ጎማዎቹን ከመንገዱ አውጥቶ በሣሩ ላይ እያስኬደ በሙሉ ፍጥነት አለፈው። ተመልካች የማይረሳው ትዕይንት ይህ ነው። ነገር ግን የተውኔቱ መጨረሻ ሌላ ነው። መርሴዲሱ በኤሌክትሪክ ብልሽት ከውድድሩ ወጣ፤ ባለ ወናፎቹ ቤንትሌዮችም ሞተራቸው አልችል ብሎ ሌ ማንን ሳይጨርሱ ቀሩ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ወናፍ የሌላቸው ስፒድ ሲክሶች ነበሩ። በዚያው ዓመት መስከረም በፖ ከተማ በተካሄደው የፈረንሳይ ታላቅ ሽልማት በርኪን ሁለተኛ ወጣ። በ1932ም ለአንድ ሰው ብቻ ተብላ በተሠራች ባለ ወናፍ መኪና በብሩክላንድስ መሮጫ በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ገደማ በመንዳት የዚያን ሜዳ ክብረ ወሰን ያዘ። ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱን ግን ባለ ወናፉ ቤንትሌይ አላሸነፈም።

እንግዲህ የመጀመሪያው የሂስ ጥያቄ ከዚህ ላይ ይነሣል። ለሞዴልነት የተመረጠው አሸናፊው ሳይሆን ተሸናፊው የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ በመኪናዋ ፊት ላይ ተቀምጧል። ወናፉ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት፣ በሁለቱ የሻንሲ ጫፎች መካከል ወጥቶ የሚታይ ትልቅ የብረት ክምር ነው። ስፒድ ሲክስ ጉልበቱን በኮፈኑ ውስጥ ደብቆ ሲሄድ፣ ባለ ወናፉ ጉልበቱን በአደባባይ ያሳያል። ዓይን የሚይዘው ደግሞ የሚታየውን ነው። የሕዝብ ትዝታ በውጤት ብቻ አይመራም፤ ቅርጽ ያለውን ነገር ከቁጥር ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ይህንን ተውኔት ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል፤ መድረክ ላይ ከሚያሸንፈው ይልቅ በግልጽ የሚታገለው ሰው ይታወሳል። የኤርፊክስ ሰዎች በመምረጣቸው አልተሳሳቱም። ስሕተት የሚሆነው ተመልካቹ ትዕይንቱን ከድል ጋር እንዲያደባልቅ ሲተው ነው።

ሞዴሉ በራሱ አቋም ሲታይ ሊመሰገን የሚገባው ትልቅ ብቃት አለው። የተሠራችውን መኪና የሚመለከት ሰው ቀለሟንና ሞገሷን ያያል። ሞዴሉን የሚገጥም ሰው ግን ምክንያቷን ያያል። ሞተሩ፣ ሻንሲው፣ መሪው፣ ጎማው እያንዳንዱ ለብቻው በእጅ ይያዛል፤ ቦታውን ያገኛል፤ ከጎረቤቱ ጋር ይዛመዳል። ወናፉን በሞተሩ ዋና ዘንግ አቅጣጫ፣ ከፊት አምጥቶ የሚገጥም ልጅ፣ ነፊው የሚዞረው ከራሱ ከሞተሩ በሚያገኘው ጉልበት መሆኑን ማንም ሳይነግረው ሊረዳ ይችላል። ከዚያም አልፎ ያ ሁሉ ክብደት ከፊት ጎማዎቹ ወደፊት መንጠልጠሉን ያያል፤ መኪናዋ በመታጠፊያ ላይ ለምን እንደምታስቸግር፣ ቤንትሌይስ ወናፉን ለምን እንደ ጠላው ለመጠየቅ ይነሣል። በሁለት ሰዎች መካከል የነበረው ክርክር በፕላስቲክ ተጽፎ በልጅ ጣት ይነበባል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቅራኔን በዝርው ከማስረዳት ይልቅ በቅርጽ ማሳየት የጥበብ ሁሉ ሥራ ነውና።

ይህ ከተባለ በኋላ ጉድለቱም ሊነገር ይገባል። የሞዴል ወዳጆች ለሥራው የሚሰጡት ከፍተኛው ምስጋና «ልክ እውነተኛውን ይመስላል» የሚል ነው። ይህ ምስጋና በሥዕልና በልቦለድ ላይም የሚሰማ ስለሆነ፣ በአርቲስቶቻችን ዘንድም ልብ ሊባል ይገባዋል። አንድን ነገር በመስፈሪያ እኩል ማሳነስ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። የእውነተኛዋ መኪና ጎማዎች በቀጫጭን የብረት ሽቦዎች የተወጠሩ ናቸው። እነዚያ ሽቦዎች በአሥራ ሁለት ሲካፈሉ ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊሜትር ግማሽ በታች ይወርዳል። የቀለጠ ፕላስቲክ በዚህ ጠባብ መንገድ እንደ ልብ አይፈስም፤ ቢፈስም የወጣው ዘንግ በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ ቅርጽ አውጪው ሽቦውን ማወፈር ግድ ይሆንበታል፤ እውነት እንዲመስል ከልኩ ይወጣል። የቤንትሌይ የእሽቅድምድም መኪናዎች ገላ በእንጨት አጥንት ላይ በተወጠረ ጨርቅ የሚሠራ ነበር። በፕላስቲክ ሲገለበጥ እንጨቱም፣ ጨርቁም፣ ብረቱም፣ ቆዳውም አንድ ዓይነት ሥጋ ይለብሳሉ። ልዩነታቸውን መልሶ የሚያመጣው የገጣሚው ብሩሽ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ጀማሪውና ባለሙያው ይለያሉ። ጀማሪው ሁሉንም አንድ አረንጓዴ ይቀባል፤ ባለሙያው የትኛው ብረት እንደሚሞቅ፣ የትኛው ቆዳ በእጅ እንደሚታሽ አስቦ ይቀባል። በሌላ አነጋገር፣ ባለሙያው የሚገለብጠው መልኩን ብቻ ሳይሆን የሥራውን ታሪክ ነው።

ሆኖም በብሩሽም የማይመለስ ነገር አለ። ክብደት የለም፤ ድምፅ የለም፤ ትኩሳት የለም። በርኪን በግንቦት 1933 በትሪፖሊ በተካሄደው ውድድር በማዜራቲ መኪና ሦስተኛ ሲወጣ፣ ክንዱን የጋለ የጭስ ማውጫ ቧንቧ አቃጠለው። በሚቀጥለው ወር፣ ሰኔ 22 ቀን፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የወባ በሽታ ነበረበትና ለሞቱ ምክንያት የቃጠሎው መመረዝ ነው፣ ወባው ነው የሚል ክርክር አለ። ያ ውድድር ራሱ ከሎተሪ ጋር ተያይዞ የተዘጋጀ፣ የኢጣሊያ ፋሽስት መንግሥት በቅኝ በያዛት ሊቢያ ምድር ኃይሉንና ሥልጣኔውን የሚያሳይበት ድግስ ነበር። ያው መንግሥት ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1935 መትረየሱንና የጭነት መኪናዎቹን ይዞ በኢትዮጵያ ላይ ዘመተ። በዚያ ዘመን ሞተር ንጹሕ የስፖርት ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥታት ኩራትና የጦርነት መለማመጃም ነበር። በሞዴሉ ጎን የተለጠፈው የጭስ ማውጫ ቧንቧ ግን ማንንም አያቃጥልም፤ ምንም አይናገርም። ዘመንን ከነመልኩ አስቀርቶ ትኩሳቱን ማጥፋት የዚህ ዓይነት ሥራ ትልቁ አደጋ ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉድለት ስለ ሠሪው እጅ ነው። ይህ ሞዴል እንዴት ተወለደ? መጀመሪያ ሰዎች እውነተኛዋን መኪናና ንድፎቿን አጠኑ። ከዚያም በዚያ ዘመን የሥራ ልማድ መሠረት፣ የእያንዳንዱ ቁርጥራጭ አብነት ከሚፈለገው መጠን በልጦ በእንጨትና በመሰል ነገር በእጅ ይቀረጻል። ፓንቶግራፍ በሚባል መሣሪያ አንዱ ጫፍ በትልቁ አብነት ላይ ሲሄድ፣ ሌላው ጫፍ ያንኑ ቅርጽ አሳንሶ በአረብ ብረት ላይ ይቆርጣል። ብረቱ በእጅ ይሞረዳል፤ ይለሰልሳል። በመጨረሻም የጋለ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት በብረቱ ባዶ ውስጥ ይገባና ሲቀዘቅዝ ቁርጥራጩ ከነዘንጉ ይወጣል። የብረት ቅርጽ ማውጫው ለመሥራት ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ አንዴ ከተሠራ ግን በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ቅጂዎችን ይወልዳል።

እንግዲህ የዚህ ሥራ ደራሲ ማን ነው? አብነቱን የቀረጸው፣ ሽቦው ምን ያህል ይወፍር ብሎ የወሰነው፣ የቆዳውን መጨማደድ በብረት ላይ በግልባጩ የቆረጠው ሰው ነው። ይህ ሰው ቀራጺ ነው፤ ያውም ውስጡን ውጭ አድርጎ ማሰብ የሚችል ቀራጺ። በሣጥኑ ላይ ግን የኩባንያው ስም፣ የመኪናዋ ስምና የእሽቅድምድሙ ዝና እንጂ የእርሱ ስም የለም። የክሪክልዉድ ሠራተኞችም ዕጣ ከዚህ አልተለየም። ብረቱን ያፈሰሱት፣ ማርሹን የቆረጡት፣ ሌሊቱን በችቦ መሰል መብራት ሲያድሱ ያደሩት መካኒኮች በነጂዎቹ ስም ውስጥ ሰጥመዋል። ሌላው ቀርቶ በ1932 በበርኪን ስም የታተመው «ፉል ትሮትል» የተባለው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ እንኳ የተጻፈው ማይክል በርን በተባለ ወጣት እጅ ነበር፤ እርሱም ኋላ በጋዜጠኛነትና በባለቅኔነት ታውቋል። መኪናው ላይ የተሰወረ እጅ፣ መጽሐፉ ላይ የተሰወረ እጅ፣ ሞዴሉ ላይ የተሰወረ እጅ! «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የሚለው የአበው ቃል እዚህ ላይ ተገልብጧል፤ ሸክሙ የሃምሳው ሆኖ ጌጡ የአንዱ ሆኗል።

ከዚህ ቀጥሎ መምህራን የሚያነሡት ጥያቄ አለ። እንዲህ ያለው ሥራ ልጁን ፈጣሪ ያደርገዋል ወይስ ታዛዥ? በከተሞቻችን ልጆች ከሽቦ፣ ከቆርኪ፣ ከጣሳና ከአሮጌ ጫማ ሶል መኪና ሲሠሩ የታዩ ናቸው። የሽቦው መኪና ሠሪ መመሪያ የለውም። መንገድ ላይ ያየውን መኪና በራሱ ዓይን መትሮ፣ ምኑን ላስቀር፣ ምኑን ላጉላ ብሎ ራሱ ይወስናል። ስሕተቱም የራሱ ነው፤ ግኝቱም የራሱ ነው። የፕላስቲኩን ሞዴል የሚገጥም ልጅ ግን ውሳኔው ሁሉ ተወስኖ ይቆየዋል። አንደኛው ቁርጥራጭ የሚገባበት ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። መመሪያው እንደ ጽሑፈ ተውኔት ነው፤ ሆኖም ለተዋናዩ ትንፋሽ እንኳ ቦታ ያልተወ ጽሑፈ ተውኔት ነው።

ይሁንና ፍርዱን ከዚህ ላይ መዝጋት ሚዛን ማዛባት ይሆናል። የሽቦው መኪና ልጁን ማየትና መምረጥ ያስተምረዋል፤ የሞተርን ውስጥ ግን ሊያሳየው አይችልም። የፕላስቲኩ ሞዴል ምርጫ ይነፍገዋል፤ ቅደም ተከተልን፣ ጥንቃቄን፣ የትንሽ ስሕተት ትልቅ መዘዝን ግን ያስተምረዋል። ጠማማ የተጣበቀ ሻንሲ መጨረሻ ላይ አራተኛው ጎማ መሬት እንዳይነካ ያደርጋልና። ቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ግሥ እንደሚያወርድ፣ ሠዓሊ ጀማሪ የመምህሩን ሥራ እንደሚገለብጥ ሁሉ፣ መግጠምም የእጅ ሰዋስው ነው። ሰዋስውን ቅኔ ነው ብሎ ማሞገስም፣ ቅኔ አይደለም ብሎ መናቅም ሁለቱም ስሕተት ነው። ቁም ነገሩ ልጁ ከሰዋስው ወደ ቅኔ የሚሻገርበትን ድልድይ የሚያሳየው ሰው መኖሩ ነው።

የሞዴሉና የመኪናዋ ታሪክ በአንድ አስገራሚ ነጥብ ላይ ይገናኛል። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት የሀብታሞች መኪና ገበያን ሲያደርቀው ዶሮቲ ፓጄት በ1930 እጇን ከእሽቅድምድሙ ቡድን ሰበሰበች፤ የቤንትሌይ ኩባንያም በ1931 ዕዳውን መክፈል ተስኖት ለሮልስ ሮይስ ተሸጠ። ኤርፊክስ በበኩሉ በ1939 ኒኮላስ ኮቭ በተባለ ከሃንጋሪ የመጣ ሰው ተቋቁሞ፣ በአየር ከሚነፉ የጎማ መጫወቻዎችና ከፕላስቲክ ማበጠሪያ ተነሥቶ በ1950ዎቹ ወደ ሞዴል ሥራ የገባ ድርጅት ነው። እርሱም ልክ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ በዚያው መንገድ ከሰረ። ስሙና የብረት ቅርጽ ማውጫዎቹ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲሻገሩ ቆይተው በ1986 በሀምብሮል፣ በ2006 ደግሞ በሆርንቢ እጅ ገቡ። የከሰረ ኩባንያ መኪና በሌላ የከሰረ ኩባንያ ሞዴል ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በሁለቱም ውድቀት ውስጥ ግን ያልከሰረ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በብረቱ ላይ የተቀረጸው የሠራተኛው ሙያ ነው። ባለቤቶቹ ሲፈራረቁ ያ ቅርጽ ሞዴል መውለዱን አላቋረጠም።

ስለዚህ በባለ ወናፉ ቤንትሌይ ሞዴል ላይ የሚሰጠው ፍርድ እንዲህ ይሆናል። ሥራው የአንድን ሜካኒካዊ ክርክር አካል በግልጽ በማሳየቱ ጥሩ ትምህርት ነው። መልክን በታማኝነት ይዞ ዘመንን፣ ትኩሳትንና ሠሪውን በመተው ግን ጎዶሎ ጥበብ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የፕላስቲኩ አይደለም፤ ስለ ሥራ የመናገር ልማዳችን ጉድለት ነው። የሥዕል ሸራ ከጥጉ የሠዓሊው ፊርማ ይፈለግበታል፤ የተውኔት መግለጫ ወረቀት መብራት አብሪውን ሳይቀር ይጠቅሳል። የብረት ቅርጽ አውጪው ስም በሣጥኑ ጎን በአንዲት መስመር ቢታተም ለኩባንያው ምንም አያጎድልበትም፤ ለልጁ ግን ብዙ ይጨምርለታል። ያቺን ስም ያነበበ ልጅ መኪናን የሚያመጣው ሣጥን ሳይሆን ሰው መሆኑን ይረዳልና። ስሙ እስኪታተም ድረስ ሥራው የመምህሩና የወላጁ ነው። ልጁ የመጨረሻውን ጎማ አጣብቆ «ጨረስኩ» ሲል፣ «ጎበዝ፤ አሁን ደግሞ ይህን ጎማ በመጀመሪያ የቀረጸው ማን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሂስ የሚጀምረው ከዚያች ጥያቄ ነው፤ የልጁም የራሱ ፈጠራ ከዚያው ሊጀምር ይችላል።